መቶ ምሰሶ ሄዶ መቶ መመለስ

ለሦስት ወር ያህል ልቤ ሊቆም ነው ብዬ አምኜ ነበር። አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ሳቅ የሚባል ነገር በአጠገቤም አላለፈም።

ከአያት ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው አስፋልት ዳር ጠዋት ጠዋት መሮጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ርቀቱን የምለካው በመንገድ መብራት ምሰሶ ነበር። ያን ጊዜ ባለቤቴ የገመዱን አንድ ጫፍ ይዛልኝ ስንለካ፣ ከምሰሶ ምሰሶ ሃያ አምስት ሜትር ሆነ። መቶ ሄጄ መቶ ስመለስ አምስት ኪሎ ሜትር ይሞላል። ሠላሳ ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ በዚህም ጉራዬን ስነዛ የሰፈሩ ሰው ሰልችቶታል።

ከዚያ መንገዱ ሊታደስ ተቆፈረና ስምንት ወር ያህል ሩጫ ቀረ። ሲያልቅ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ዳር ዳሩ ላይ የነበሩት ሱቆች ፈርሰዋል፣ ምሰሶዎቹም አዲስ ሆነዋል። ደስ ብሎኝ ወጣሁ፣ እንደ ልማዴ መቶ ቆጥሬ ሄድኩ፣ መቶ ቆጥሬ ተመለስኩ። ሠላሳ ስድስት ደቂቃ። ሰውነቴ ስለሰነፈ ነው አልኩ። በወሩም ሠላሳ ስድስት፣ በሦስተኛው ወርም ሠላሳ ስድስት።

ታላቅ ወንድሜን የቀበርነው በልብ ሕመም ነው። የእሱም እንዲሁ ነበር የጀመረው፤ መጀመሪያ እርምጃው ከበደ፣ ቀጥሎ ደረጃ ላይ ቁና ቁና መተንፈስ መጣ። እኔ ይህን እያሰብኩ ለማንም ትንፍሽ ሳልል ከረምኩ። ሌሊት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ የልቤን ምት እቆጥር ነበር። ቆጠራ ላይ መቼም አልታማም።

አንድ ቀን ልጄ ሰዓቴን ስመለከት ፊቴ ሲጠቁር አይታ፣ «አባዬ፣ ርቀቱን እርግጠኛ ነህ ግን?» አለችኝ። ተቆጣኋት። በገዛ እጄ የለካሁትን! እሷ ግን ስልኳን ክንዴ ላይ አሰረችልኝ። የመጀመሪያው ቀን አምስት ተኩል አለ፣ በማግስቱ ስድስት ከሦስት መቶ ሜትር፣ በሦስተኛው ቀን ከሁለቱም የተለየ።

«አየሽ? ውሸታም ነው» አልኳት።

«ሎኬሽኑ በሕንፃዎቹ መሃል ይዘላል፤ እሺ። ግን አንድ ቀንም አምስት ብሎህ አያውቅም።»

ይህ ትንሽ ከነከነኝ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጣ የታክሲ ሹፌር ነው፤ አሮጌ መኪናው ላይ ጭኖኝ እስከ መቶኛው ምሰሶ ሄድን። የመኪናው ቆጣሪ ሦስት ኪሎ ሜትር አለ። ሁለት ተኩል መሆን ነበረበት። እኔ አሁንም ግግም አልኩ፤ የመኪናውን እርጅና አሳበብኩ።

«እንግዲያው ብስክሌት ውሰድና ራስህ ለካው» አለኝ ትንሽ ቅር ብሎት። «ጎማውን በደንብ ንፋው፤ ካልተነፋ ይሰርቅሃል።»

ከልጄ ጋር በግቢያችን ጎማውን አሥር ዙር አንከባለልን፣ መሬቱን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካን፤ አንዱ ዙር ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሆነ። ጎማው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርንበት። እሷ እየገፋች፣ እኔ ጨርቁን እየቆጠርኩ፣ በየመቶው ዙር አንድ ሽምብራ ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራው እያዛወርኩ ሄድን። መንገደኛው ቆሞ ያየናል። መቶኛው ምሰሶ ጋ ስንደርስ አሥራ አራት ሽምብራና ሃያ ዘጠኝ ዙር ሆነ። ልጄ በስልኳ አባዛችው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ከእሱም አንድ ሜትር ትርፍ።

ወዲያው የሁለት ተከታታይ ምሰሶዎችን መሃል ለካን። ሠላሳ ሜትር። አዲሶቹን ሲተክሉ አራርቀዋቸዋል፤ እኔ አንገቴን አቅንቼ ምሰሶ ስቆጥር ለሦስት ወር ስድስት ኪሎ ሜትር እየሮጥኩ አምስት ነው ብዬ ራሴን ስቀብር ከርሜያለሁ። ፍጥነቴ ድሮ እንደነበረው ነው። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። እፎይ አልኩ፤ ከሆዴ የወጣ እፎይታ ነበር።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ እየሳቅኩ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም።

«ወንድምህም ዝም ነበር ያለው» አለችኝ። «አንተም ዝም ስትል ነው እኔ የፈራሁት። እንቅልፍ እንደሌለህ አላይም መሰለህ?»

በማግስቱ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ መርምሮኝ ሲያበቃ ልቤ ደህና እንደሆነ ነገረን። እኔ አንገቴን ነቅንቄ ሸሚዜን መቆለፍ ያዝኩ፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ሦስት ወር ሙሉ ያስቀመጠችውን አለቀሰች።