በልቤ ሰላም አለ ያልኩበት ቅዳሜ

በቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ መጀመሪያ የጸሎት ጓደኛ በዕጣ ይወጣል። ስማችንን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ሳህን ውስጥ እንጥላለን፤ ከዚያ ማን ለማን እንደ ደረሰ ይነበባል። አንድ ዓመት ለእኔ የደረሱኝ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁሉም ሰው እማማ የሚላቸው ሴት ነበሩ። ያገኘኝ ሁሉ ታድለህ አለኝ። እኔም አፌን ሞልቼ አሜን አልኩ። በሆዴ ግን ወይ ጣጣ ነበር ያልኩት፤ እማማ በጸሎት ቀልድ አያውቁም።

እሳቸው የሚኖሩት በከተማው አንድ ጫፍ ፊቲያ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ቬሊንግቢ። ለመገናኘት ከአረንጓዴው ባቡር ወርዶ ቀዩን መያዝ ነው። ስለዚህ እንደየቤታችን ሆነን በአንድ ጊዜ እንድንጸልይ ወሰኑ። ወሰኑ የምለው እኔን ስላልጠየቁኝ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ምልክቱ ሚስኮል ነበር። እሳቸው ስልኬን አንዴ አስጩኸው ይዘጉታል፤ እኔም መልሼ የሳቸውን አንዴ አስጮሃለሁ፤ ሁለታችንም ተነሥተናል፣ እንንበርከክ ማለት ነው። ስልክ መደወል እንደ ውሃ በረከሰበት በስዊድን አገር፣ እማማ ይህን የአዲስ አበባ ልማዳቸውን አልተዉትም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት፣ እውነቴን ነው፣ ተነሣሁ። እንቅልፍ እያዳፋኝም ቢሆን ከአልጋዬ ወርጄ ተንበረከክሁ። ከዚያ ብርዱ በረታ። አንድ ረቡዕ ሚስኮሉን መለስኩና ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። ዓርብም እንዲሁ። እያደር እጄ ለምዶ እኔ ሳልነቃ ስልኩን ይመልስ ጀመር። እሑድ ስንገናኝ እማማ ትከሻዬን ይዘው፣ ስጸልይ አጠገቤ ያለህ ነው የሚመስለኝ ልጄ ይሉኛል። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ለእኔም እንደዚያው ይመስለኛል እላቸው ነበር።

በዚህ ቢቆም ኖሮ ሰነፍ ነበርኩ ብዬ አልፈው ነበር። አልቆመም።

በዚያው ክረምት መጨረሻ የእማማ ልብ ታመመ። ሆስፒታል ውስጥ ቶልክ በሚሉት አስተርጓሚ በኩል ሁለት ነገር ነገሯቸው፤ ወይ ቀዶ ጥገና፣ ወይ በመድኃኒት እየታገዙ መኖር። ሁለቱም የየራሱ አደጋ አለው፣ ምርጫው የእርስዎ ነው ተባሉ። እማማ ደግሞ ምርጫው የእርስዎ ነው መባልን ያህል የሚያናድዳቸው ነገር የለም። እኔ ምን ዐውቃለሁ፣ የሚያውቀውን እንጠይቀው እንጂ አሉኝ። ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ጾመን ልንጸልይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እያንዳንዳችን በልባችን ያገኘነውን ልንነጋገር ተስማማን።

ሐሙስ ዕለት መሥሪያ ቤት ስብሰባ ነበረ። ኮሙን በሚሉት ማዘጋጃ ቤት ውስጥ መሐንዲስ ነኝ፤ ሥራዬ የውሃ መስመር ነው። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲነሣ ተነሣሁ። ሾትቡላሩን፣ ያንን የሥጋ ድቡልቡል፣ ከነድንቹ አስሞልቼ፣ ሳህኑን ጥርግ አድርጌ ከበላሁ በኋላ ነው ጾሙ ትዝ ያለኝ። በቃ ነገ እጀምራለሁ አልኩ። ዓርብ ንጋት ሚስኮሉ መጣ፤ መለስኩ፤ ተኛሁ። ቅዳሜ ቬሊንግቢ መሐሉ ላይ ካለው ሱቅ ወተትና እንቁላል ይዤ ተሰልፌ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አንዴ ጮኾ አልተዘጋም። እማማ ነበሩ።

"እህ ልጄ፣ ምን አለህ?"

ከፊቴ ሁለት ሰው ነበር። እውነቱን ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። ይቅርታ እማማ፣ አልጸለይኩም፣ ሦስት ቀን ይጨምሩልኝ ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ግን እኛ አፋችን የለመደው ቃል አለ፤ ሳናስበው ይወጣል።

"በልቤ ሰላም አለ እማማ፤ ለቀዶ ጥገናው ይግቡ" አልኳቸው።

ቀስ ብለው እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉና ዘጉት። እርስዎስ ምን አለዎት ብዬ እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ወተቴን ከፍዬ ወጣሁ።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። የገቡበት ቀን ስልኬን ከእጄ ሳልለይ ዋልኩ፤ በደህና ወጡ ሲሉኝ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እሳቸው ሲተርፉ ግን የእኔም ውሸት አብሮ ተረፈ። ትንሽ ሲጠነክሩ ጉባኤ ፊት ቆመው፣ ጌታ በዚህ ልጅ በኩል ተናገረኝ ብለው መሰከሩ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ሰው ትሕትና መሰለው። ዓመት ሳይሞላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አድርገው መረጡኝ። እኔም እሺ ብዬ ተመረጥኩ፤ ጉድ እኮ ነው።

ከዚያ በኋላ እማማ ተለወጡ። ድሮ በጸሎት ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው የሳቸው ድምፅ ነበር። አሁን ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ፤ ጸሎት ይምሩን ሲባሉ ሌላ ሰው ይጸልይ ይላሉ። የጸሎት ጓደኝነቱንም ዓመቱ ሳያልቅ ደከመኝ ብለው ተዉት። ሚስኮሉ ቀረ። የቀዶ ጥገናው ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ምን እደብቃለሁ፣ ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አራት ዓመት አለፈ። ባለፈው መኸር ለጥምቀት የሚዘጋጁ ወጣቶችን እንዳስተምር ተመደብኩ። ርእሱ እምነታችን እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ራሳችንን ስለ መመርመር ነበር። ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ፣ የሚመልሱት በስዊድንኛ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹን በሁለቱም ቋንቋ ማዘጋጀት ነበረብኝ። ሰው በማያይህ ቦታ ለመጨረሻ ጊዜ የጸለይከው መቼ ነው ብዬ የመጀመሪያውን በአማርኛ ጻፍኩ። ስዊድንኛውን ልቀጥል ስል እጄ ቆመ። መልሱን ለራሴ ፈለግሁት፤ አጣሁት። መድረክ ላይ ስጸልይ፣ ሰው ቤት ማዕድ ስባርክ፣ ለቅሶ ቤት ገብቼ ሳጽናና ሃያ ዓመት ሆኖኛል። ለብቻዬ ግን? ወደ ኋላ ብሄድ ብሄድ የማገኘው እማማ በሚስኮል የቀሰቀሱኝን እነዚያን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ፊቲያ ሄድኩ። እማማ ሐይቁ በሚታይበት መስኮት አጠገብ አስቀምጠው ሻይ ቀዱልኝ። ገና ከመቀመጤ ልናገር ብዬ ነበር የወጣሁት፤ ሻዩ እስኪያልቅ ግን ስለ አየሩ ስቀባጥር ቆየሁ። በመጨረሻ ነገርኳቸው። ሚስኮሉን፣ የሐሙሱን ምሳ፣ የወተቱን ሰልፍ፣ ሁሉን። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ያሳፍራል እንጂ፣ እንኳን ነገርከኝ፣ አይዞህ ልጄ እንዲሉኝም በልቤ ጠብቄ ነበር።

"ሦስቱንም ቀን?" አሉ።

"ሦስቱንም ቀን እማማ።"

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው አልተቆጣም።

"እኔ ሦስቱንም ቀን ተንበርክኬ ምንም አልሰማሁም። ቅዳሜ የደወልኩልህ ይህንኑ ልነግርህ ነበር። አንተ ሰላም አለ ስትለኝ፣ ለካ ጌታስ ይናገራል፣ እኔን ነው የማያውቀኝ አልኩ። ይህን ሁሉ ዘመን አምናለሁ ያልኩት ውሸት ነው ማለት ነው ብዬ አፈርኩ። አራት ዓመት አላናገርኩትም ልጄ።"

ውሃ ሆንኩ። የሌለኝን እምነት አለኝ ብዬ፣ ያላቸውን እማማን የለኝም አሰኘኋቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ አልኩ፣ ደጋግሜ። ተነሥ አሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላሉኝም። እስከ ሊፍቱ ሸኙኝና በሩ ሊዘጋ ሲል "እኔና ጌታ በየማለዳው እኮ እናወራ ነበር" አሉኝ።

ሽምግልናውን ተውኩ። ምክንያቱንም፣ የእሳቸውን ሳልነካ የራሴን ብቻ፣ በጉባኤ ፊት ተናገርኩ። ምእመናኑ ሲወጡ አንዱ ለሌላው እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው ሲል ሰማሁት፤ ምን ልበል።

አሁን ረቡዕና ዓርብ በአሥራ ሁለት ሰዓት የእማማን ስልክ አንዴ አስጩኼ እዘጋለሁ። ከዚያ እንበረከካለሁ። የምጸልየው በእውነት ይሁን ወይስ ጸጸቴን እያስታመምኩ፣ እኔም ለይቼ አላውቀውም። ስልኩን አልጋው ላይ፣ ፊት ለፊቴ አስቀምጠዋለሁ። እስካሁን መልሰው አላስጮኹልኝም።