ያልተለጠፈው ግራ ጫማ

አባቴ ጫማ ሰፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ሕግ ነው የሠራው፤ ባለቀበት ደርብበት። በዚህ ሕግ ስንቱን ጫማ ከመጣል አድኗል። ያለቀ ሶል በጣቱ ዳብሶ ባለቤቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ይናገራል። ስለ እግር ግን ማንንም ጠይቆ አያውቅም፣ ኩራት አለበት።

እናቴ ስኳር አለባት፣ እግሯ ከደነዘዘ ቆይቷል። የቀኝ ጫማዋ የውስጥ ሶል በአውራ ጣቷ ሥር ሲጎደጉድ አባቴ እዚያችው ላይ ቆዳ ለጠፈ። ደግሞ በጎደጎደ ቁጥር ደጋገመ። ግራውም መጎድጎድ ጀምሮት ነበር፤ እሱን ግን “ነገ እሠራዋለሁ” እያለ አምስት ወር አቆያት።

“ደንበኛህ ብሆን ይሻለኝ ነበር” ትለዋለች።

አንድ ጠዋት የቀኝ ካልሲዋን ሳወልቅላት ደም አየሁ። እሷ ምንም አልተሰማትም።

ክሊኒክ ወሰድናት። የእግር ባለሙያዋ አውራ ጣቷን ይዛ ወደ ላይ ልታጥፈው ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም። የግራውም ያው ነው። ከዚያ ቁስሉን ሸፍና፣ ቀለም የተቀባ ላስቲክ ወረቀት ላይ ዘርግታ አራመደቻት። ወረቀቱ ላይ የእግሯ ቅርጽ ፈዘዝ ብሎ ወጣ፤ በሁለቱም አውራ ጣቶች ሥር ግን ድፍን ጥቁር ክብ አለ።

“ተረከዝ ሲነሳ ይሄ መገጣጠሚያ መታጠፍ ነበረበት” አለች። “ካልታጠፈ ክብደቱ እዚህች ላይ ያርፋል።”

ቀጥላ የቀኝ ጫማውን አንስታ የውስጥ ሶሉን ገነጠለች። አራት ድርብ ቆዳ።

“ይሄን ማን ነው ያደረገው?”

“እኔ ነኝ” አለ አባቴ ደረቱን ነፍቶ።

“አባባ፣ ጎድጓዳው ለጣቷ ማረፊያ ነበር። እርስዎ ሞሉት። በየእርምጃዋ ሲጫናት የከረመው ይሄ ነው።”

ቅንድብ ሊኩል ዓይን አጠፋ የሚባለው አባቴ ላይ በገዛ ሚስቱ እግር ደረሰበት። በጣም ተናድጄበት ነበር፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ሲደብቅ ሳየው ግን አንጀቴን በላው።

“ጣቷ ይቆረጣል?” አለ።

“ቁስሉ አጥንት ጋ ካልደረሰ አይቆረጥም።”

ራጅ ተነሳች። ለጥቂት አልደረሰም።

ባለሙያዋ የግራ እግሯን ደግሞ አገላብጣ አየችው። ጣቱ እንደ ቀኙ ድርቅ ያለ ነው፣ ቆዳው ግን ጭረት የለበትም።

“ይሄኛውስ እንዴት ዳነ?” ብላ ጠየቀች።

የመለሰችላት እናቴ ናት።

“ነገ እሠራዋለሁ ብሎኝ ነው።”