የአርቲስት ወንዳፍራሽ ዝምታ

እጆቹ ብርቱካን ይልጣሉ። በግራው ይዞ በቀኝ አውራ ጣቱ ልጣጩን ይገፋል፤ እየተጠማዘዘ ሲወርድ በዓይኑ ይከተለዋል። ፍሬውን ለሁለት ከፈለ። ጭማቂው ዓይኑ ውስጥ የገባ ይመስል ፊቱን አጨማደደ። ብርቱካን ግን በእጁ የለም። እውነተኛው ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ ነው። የልጅ ልጄ ሶሲ፣ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው፣ "አባዬ፣ ላጥልኝ" ብላ ያስቀመጠችለት። እሱ የሌለውን ልጦ የሌለውን አጎረሳት። ልጅቷ አፏን ከፍታ ጠበቀች። በኋላ እኔ ላጥኩላት።

ይህ ሰው ወንዳፍራሽ ይባላል፤ የልጄ የሥራዬ ባል ነው። ስሙን ያወጡለት አያቱ ጀግና ጠብቀው ኖሯል። እኔ በኖርኩበት ዘመን ያፈረሰው ወንድ አላየሁም፤ ሶፋውን ግን በመቀመጥ ብዛት አፍርሶታል።

አዲስ አበባ ሳለ የሚኒባስ ረዳት ነበር። "መገናኛ፣ መገናኛ" ብሎ ሲጣራ ከማዶ ያለ ሰው ታክሲው የቀረበ መስሎት ይሮጣል አሉ። ሲያትል ሲገባ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሥራ አገኘ፤ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ይቀበላል። የፊልም ተማሪዎች ያገኙት እዚያ ነው። በፈረንጅ 2003 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እንደ ጥንቱ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ሰው የማይናገርበት ፊልም ሊሠሩ ነበርና ፊቱን ወደዱት። "አንድ ነገር ብቻ፣ እንዳትናገር" አሉት። እሱ ይህን እንደ ሹመት ወሰደው።

በመጀመሪያው ፊልም ባቡር ያመለጠው ሰው ሆነ። በሌላው መስኮት ወልዋይ። በሌላው ደግሞ ሬሳ ሆኖ ተኛ፤ የዓይኑ ቆብ እየተርገበገበ ስላስቸገረ ደጋግመው ገደሉት። አንዱም ፊልም ሻይ እስኪበርድ አይቆይም። የሚያያቸውም ተማሪዎቹ፣ የተማሪዎቹ እናቶችና እኛ ነን።

እዚያው ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ ያገራችን ሰው ግን ፎቶውን ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ "አርቲስት" ሆነ። በየጊዜው ሄዶ ከፎቶው ሥር ይቀመጣል። እዚያ ሲሆን ዝም አይልም። ስለ ዝምታ ማውራት ከጀመረ የሚያስቆመው የለም። "ቃል ርካሽ ነው" ይላል። "ሰው በአፉ ይዋሻል፤ እጅ አይዋሽም።" በሌለ ብርቱካን ሕፃን ያታለለው ታዲያ የማን እጅ ነው?

ቤት ሲገባ አፉ ይዘጋል። "ካራክተሩን እንዳልለቅ" ነው ሰበቡ። ልጄ ከከተማው ወጣ ብሎ ሬድመንድ የሚባል ቦታ ቢሮ ስታጸዳ ውላ በሁለት አውቶቡስ ትመለሳለች። ልጅቷ በልታለች ወይ ብላ ብትጠይቀው ቅንድቡን ያነሳል። አንድ ቀን ስትጨቀጭቀው "ዝምታ ሥራዬ ነው" አላት።

"ሥራዬማ እኔ ነበርኩ" አለችው። ሳቀች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሽ ጀመር።

ሶሲ ከዚህ ሰው የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አሻንጉሊት አይደለም፣ ብስክሌት አይደለም። አባቷ አንድ መልካም ነገር በአፉ እንዲላት ነው። ሥዕል ሥላ ታሳየዋለች፤ ጣቱን ሳም አድርጎ ወደ ላይ ይበትናል። "አባዬ፣ ሴይ ሰምቲንግ" ትለዋለች። እንደገና ይበትናል።

ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ እናቷ ሥራ ላይ ስለነበረች ሦስታችን ሄድን። አስተማሪዋ ብትጠይቀው፣ ብትጠይቀው እጁን ያወናጭፋል። መስማት የተሳነው መስሏት ሮጣ ሄዳ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይዛ መጣች። እሱ ደስ አለው፤ ተመልካች ጨመረለት። አስተርጓሚዋ ጥቂት አየችውና ወደ ሶሲ ዞራ የሆነ ነገር አለቻት።

"ምን አለችሽ?" አልኳት።

"ይሄ ቋንቋ አይደለም አለች" አለችኝ ጫማዋን እያየች። ከዚያ ስለ ንባቧና ስለ ሒሳቧ ከአስተማሪዋ ጋር ራሷ ተነጋገረች።

የሚራሩለት ሰዎች አሉ። እንደመጣ ሰሞን አውቶቡስ ላይ እንግሊዝኛው ተስቆበት ነው፣ ዝም ያለው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ። ይሆናል። በእኔም ተስቆብኛል፤ ቢሆንም ዳቦ ስገዛ አፌን እከፍታለሁ። ደግሞስ ልጁ የጠየቀችው በእንግሊዝኛ መርቀኝ ብላ ነው?

ተማሪዎቹ ተመርቀው ተበተኑ። ከእነሱ አንዷ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ፣ ድምፅ ባለው ፊልም ውስጥ "እንኳን ደህና መጣህ" ብሎ በር የሚከፍት ሰው አድርጋ ልታሠራው ጠየቀችው። "ጥበቤን አላረክስም" ብሎ መለሳት። በሩን ሌላ ሰው ከፈተ።

በፈረንጅ 2017 ሶሲ ፋኑኤል የሚባል ጨዋ ልጅ ልታገባ ሆነ። ከሠርጉ በፊት ቤታችን መጥታ አባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ስፒች አይደለም የምልህ፣ ኦኬ? ጉልበትህን ስስም መርቀኝ። በቃ።"

እሺ እንደ ማለት ራሱን ነቀነቀ።

"በአፍህ" አለች።

እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ።

"አንተ ሰውዬ" አልኩት እኔ፣ "የመገናኛ ሰው ሁሉ የጠገበውን ድምፅ ልጅህ አንዴ ብትሰማው ምን ይጎድልብሃል?"

ያን ጊዜ ተናገረ። "እማማ፣ እርስዎ ጥበብ አይገባዎትም።"

"አየሽ፣ ይሠራል" አልኳት ሶሲን። "አልዛገም።"

ሳቀች። ሳቋ ውስጥ ግን ተስፋ ነበረበት፤ ያንን ተስፋ ባላየሁት እመርጥ ነበር።

የሠርጉ ቀን ምርቃት ሲደርስ ወንዳፍራሽና ሥራዬ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሙሽሮቹ ተንበረከኩ። ሶሲ ግንባሯን አባቷ ጉልበት ላይ ደፋች። ማይክራፎን ሰጡት። ተቀበለ፣ አየት አደረገው፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

እጆቹን አነሳ። ዘር ዘራ። ዝናብ አዘነበ። ቤት ሠርቶ በር ከፈተ። ሕፃን አቅፎ ወዘወዘ። ምርኩዝ ይዞ አረጀ። ሽማግሌዎቹ አሜን ሊሉ መዳፋቸውን ዘርግተው ቀሩ። የት ላይ ነው የሚባለው? ከዝናቡ በኋላ ነው ወይስ ከቤቱ? ጆሯቸው የከበደው አቶ ተክለ ጻድቅ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ምን አለ? አልሰማሁትም" አሉኝ።

"ምንም አላለም" አልኳቸው።

"እህ። እኔስ ጆሮዬ ባሰበት ብዬ ነበር።"

የፋኑኤል የሥራ ባልደረቦች፣ ፈረንጆቹ፣ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። አልዋሽም፣ ዝናቡ ዝናብ ይመስል ነበር። ሶሲ ግን አላየችውም። ግንባሯ ጉልበቱ ላይ ነው። ከራሷ በላይ ቤት ሲሠራና ሕፃን ሲታቀፍ እሷ የምትጠብቀው በጆሮዋ ነበር። ጭብጨባውን ስትሰማ ቀና ብላ ፈለገችኝ።

"እምዬ፣ ጨረሰ እንዴ? ምን አለኝ?"

እናቷ መረቀቻት። እኔ መረቅኳት። አቶ ተክለ ጻድቅም ያለ ማይክራፎን አዳራሹን እስኪሞላ መረቁ። አሜን በያለበት ሲባል ሶሲ አብራ ትላለች፤ ዓይኗ ግን ወደ አባቷ ወንበር ነው። ወንበሩ ባዶ ነበር። ከፈረንጆቹ ጋር ፎቶ ሊነሳ ሄዷል።

ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ወጣ። አሁን ወንዳፍራሽ ከፎቶው ሥር ተቀምጦ ዝም ብሎ ስለመመረቅ ያወራል። ረጅም ያወራል። ሶሲ ደግሞ አርግዛለች። በቀደም ሆዷን እየዳሰሰች "አባዬ ሳይመርቀኝ..." ብላ ጀመረችና "ኔቨርማይንድ፣ እምዬ" ብላ ተወችው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ እስካሁን አልለመድኩም። እናንተ ግን ይህን ሁሉ አፋችሁን ዘግታችሁ እንዳነበባችሁት አውቃለሁ። እስከዚህ ይሁን። የቀረውን በዓይናችሁ ብቻ አትለፉት፤ አጠገባችሁ ሰው ቢኖርም አትፈሩ። በተለይ ሴት ልጅ ያላችሁ አባቶች፣ እባካችሁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ በሉልኝ፦ ሶሲ ልጄ፣ በሰላም ተገላገይ፤ ቤትሽ ሰው የሚነጋገርበት ቤት ይሁን።

አሜኑን ለእኔ ተዉት።