ላሟ የኔ፣ ጥጃዋ የሁለታችን

እኔን ብሎ ውል ተዋዋይ! “ሀ”ን ከመንሽ የማልለይ ሴትዮ፣ በስተርጅና ባል ላገባ ስል “በውል ካልሆነ አይሆንም” ብዬ ድርቅ አልኩ። ልጆቼ በሳቅ ሞቱ።

ሰውየው ሚስቱ የሞተችበት፣ እኔም ባሌ የሞተብኝ። እሱ ደብረ ብርሃን ቤት አለው። እኔ ላም አለችኝ፤ ጎረቤላ ደግሞ ልጄ የምትኖርባት ጎጆ። “ቤቱ የሱ፣ ላሟና ጎጆዋ የኔ ተብሎ ይጻፍ!” አልኩ። ተጻፈ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። ያን ቀን በዓለም ላይ ከኔ በላይ ብልጥ ያለ አልመሰለኝም።

ሰውየው ክፉ አይደለም፣ እግዜር ይወቅለት። ግን ቤቱ የሱ ነው። በርጩማ ከዚህ ወደዚያ ባደርግ፣ “ቦታዋ መልሻት” ይላል። ግድግዳው ላይ ሚስማር ልምታ ብል፣ “ማንን አስፈቅደሽ?” ሟች ሚስቱ የሰቀለችው መጋረጃ እስከ ዛሬ አልወረደም፤ እሱን እያየሁ እተኛለሁ። የኔ የምለው በረት ያለችውን ብቻ ነው። ሲከፋኝ እሷ ጋ ገብቼ ባሌን አማዋለሁ። ታመሰኳለች እንጂ አታወራብኝም።

ዘንድሮ በቃኝ፣ ጎረቤላ ልጄ ጋ እገባለሁ ብዬ ተነሳሁ። ላሟ ሴት ጥጃ ወልዳ ነበር። ገመዳቸውን ስፈታ ሰውየው በረቱ በር ላይ ተገተረ።

“ላሟ ያንቺ ናት፣ ንጃት። ጥጃዋ ግን እናቷ የኔን ገለባ እየበላች፣ በኔ በረት የወለደቻት ናት።”

“ምነው፣ አብረሃት አምጠሃል?”

ሽማግሌ ተቀመጠ። አንደኛው ፍርድ ቤት ሲሠራ የኖረ ነው። “እማማ፣” አለኝ፣ “ላሟ በውሉ የርስዎ ናት። በትዳር ውስጥ ከሷ የተገኘው ግን የሁለታችሁ ነው። ሕጉ እንደዚያ ነው።”

“እንግዲያው ድርሻውን ይሽጥልኝ።”

“አልሸጥም” አለ ባሌ። “የኔን እኩሌታ እዚሁ በረት ትተሽ ሂጂ።”

ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ጥጃዋን ተዪያትና ሂጂ እንዳትሉኝ፣ ላሜ የሐበሻ ላም ናት፤ ጥጃዋ ጠባ ካላስወረደቻት ጠብታ ወተት አትሰጥም። ያላት ወተት ደርቆባት ልጄ ቤት ምን ይዤ ልግባ? ሽማግሌዎቹም “ጥጃዋ ጡት እስክትተው ይቆዩ፣ ያኔ ትካፈላላችሁ” ብለው መርቀውን ሄዱ።

ቆየሁ። ገለባ አቀርባለሁ፣ እበት እዝቃለሁ፣ ማታ መጋረጃ አያለሁ። ጥጃዋ ሣር መንጨት ለመደች፤ እኔም ልብሴን መሸከፍ ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ግቢው ውስጥ የሰው ኮርማ! ባሌ ከዘራውን ተደግፎ ያያል።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ላምሽ ሌሊቱን ስትጮህ አሳዘነችኝ፤ ኮርማ አመጣሁላት።” ፊቱ ላይ ፈገግታ እንኳ የለም። “የሚወለደው መቼም የጋራችን ነው።”

በንዴት ሳቄ መጣ። ደጅ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እንደገና እርግዝና፣ እንደገና ጥጃ፣ እንደገና ጡት። ጎረቤላ ልጄ ጋ የሚያደርሰኝ የአንኮበሩ ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ ፊት ለፊቴ አለፈ። እኔ ግን ከድንጋዩ አልተነሳሁም።

ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ሁሉን ሰምታ ኖሯል፣ አንገቷን ብቅ አደረገች።

“አንቺ፣ ሽማግሌ አታድክሚ” አለችኝ። “መሄድ የቆረጠ ሰው ላሙንም ጥሎ ይሄዳል። አትሄጂም፤ ግቢና እበትሽን ዛቂ።”