የተክሉ ብሎግና የኦቦ ነገሳ ሣር

ባሌ ተክሉ በእግሩ መሄድ የጀመረው ተፈጥሮን ወዶ ሳይሆን በታክሲ ተናዶ ነው። ሰበታ ካለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው፤ የምንኖረው ደግሞ ቡራዩ፣ ኪራይ ቤት። አንድ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቶ ሲወጣ የታክሲው ሰልፍ አስፋልቱን ተሻግሮ ሄዷል። አንድ ሰዓት ቆሞ ከፊቱ የቀነሰው አምስት ሰው ብቻ መሆኑን ሲያይ፣ ጃኬቱን ወገቡ ላይ አስሮ በወጨጫ ተራራ ግርጌ እያቆራረጠ መጣ። ቤት ሲደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ጫማው ጭቃ፣ ሱሪው ጭቃ፣ ፊቱ ግን ሎተሪ የደረሰው ሰው ፊት ነበር።

«ሊሊ፣ ከዚህ ሰፈር ጀርባ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት። ማወቅም አልፈለግሁም፤ የፈለግሁት ጫማውን በር ላይ እንዲያወልቅ ብቻ ነው።

ብሎጉን የከፈተው አምና በዘመን መለወጫ ማግስት ነው። ለምን ፌስቡክ ላይ አትጽፍም ብዬ ብጠይቀው፣ «እዚያ ሰው አያነብም፣ ይሰዳደባል» አለ። ስሙን «ሦስት አቅጣጫ» አለው፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለማለት ነው። አጻጻፉ የፋብሪካ ሪፖርት ነው። ስለ ጀንበር መጥለቅ አንድ መስመር ከጻፈ ስለ ውሻ አሥር መስመር ይጽፋል። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ ሦስት ነገር አይቀርም፦ ውሻ፣ ጭቃ፣ ሻይ። ውሻው የት ጋ እንዳለና መታሰር አለመታሰሩ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይሁን እስከ ጉልበት፣ ሻይ የሚገኘው ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንባቢዎቹ ሦስት ነበርን። እኔ፣ ወንድሙ፣ እና አብዱልከሪም የሚባል የሰበታ ልብስ ሰፊ። አብዱልከሪም የተጻፈውን መንገድ ሁሉ ራሱ ሄዶ እያረጋገጠ እርማት ይልካል። «ሁለተኛው ውሻ አሁን ታስሯል። ሻዩ ግን ስኳር በዝቶበታል» ብሎ ጻፈለት አንድ ጊዜ። ተክሉ በዚህች አስተያየት ሁለት ቀን ሙሉ ሲኩራራ ሰነበተ።

ጣጣው የመጣው በአራተኛው ጽሑፍ ነው፤ እኔም እጄ አለበት።

መስከረም መጨረሻ ላይ በአዲሱ ገበያ አድርገን ሱሉልታ ሄድን። ከአስፋልቱ ወርደን ግማሽ ሰዓት እንደተራመድን፣ ሣሩ ወገብ የደረሰ፣ መሃል መሃሉን አደይ አበባ የፈካበት ሜዳ ላይ ወጣን። አጥር የለው፣ ጠባቂ የለው፣ ከብት እንኳ አይታይበትም። እኔ ፒያሳ ተወልጄ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ሣር ማለት ለእኔ ለዓመት በዓል ገዝተን ቤት የምንጎዘጉዘው ነገር ነው። በጀርባዬ ተንጋለልኩበት። ተክሉ ፎቶ አነሳኝና ጽሑፉን «ባለቤት የሌለው መስክ» ብሎ አወጣው። ውሻ፦ የለም። ጭቃ፦ የለም። ሻይ፦ ይዛችሁ ሂዱ።

ፎቶው ላይ ፊቴ በሣሩ ስለተሸፈነ የሚታየው ቀይ ሹራቤ ነው። ይህ ሹራብ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከረመ። ሦስት አንባቢ የነበረው ሰውዬ በአሥር ቀን ውስጥ አርባ ሺህ ሰው አየለት። በየቅዳሜና እሁዱ ወጣቱ ከአዲስ አበባ እየተጫነ ይሄዳል፣ ይንጋለላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ጓደኞቼ ሳይቀሩ እኔ መሆኔን ሳያውቁ «ይቺን ፎቶ አይተሻል?» እያሉ ይልኩልኝ ነበር። ተክሉም ቁጥሩን በየአምስት ደቂቃው ሲያይ ሽሮው ይቀዘቅዝበታል። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ አብዱልከሪም ደወለ።

«ተክሉ፣ ባለቤት አለው» አለ።

«ምኑ?»

«መስኩ። አጠገቤ ቆመዋል። የጻፈው ሰው እስኪመጣ አልለቅህም ብለውኛል።»

ኮንትራት ታክሲ ይዘን በረርን። ኦቦ ነገሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ሰው ናቸው። አብዱልከሪምን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው አሬራ ሰጥተውታል፤ ተይዞ የሚጠብቅ ሰው አይመስልም ነበር። እኛን ሲያዩ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለን ነበር። «ኑ» ብለው ወደ ሣሩ ወሰዱንና አሳዩን። ሲሶው መሬት ላይ ተነጥፏል። የሰው ጀርባ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ጠቁሮ መበስበስ ጀምሯል።

ለካ ሜዳው ሜዳ አልነበረም። ከክረምት መግቢያ ጀምሮ ከብት ሳይረግጠው ሲጠበቅ የከረመ የድርቆሽ ሣር ነው። አጥር የሌለው የአገሩ ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ነው። ላሞቹ እንኳ ተከልክለው ዳር ዳሩን ሲሄዱ የከረሙበትን እኛ ገብተን ተኛንበት። የተኛ ሣር ደግሞ ማጭድ አይዘውም። አምስት ላም እስከ ሰኔ የሚያደርስ መኖ ነበር።

ኦቦ ነገሳ የተክሉን ስልክ ተቀብለው ፎቶውን አዩ። ቀጥለው እኔን አዩ፣ ቀጥለው ሹራቤን። ያንኑ ቀይ ሹራብ ለብሼ ሄጃለሁ፤ ምን ዓይነቷ ነኝ።

«ይቺ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ፣ ኦቦ።»

«ጀርባሽን አልበላሽም?»

አብዱልከሪም ሳቁን ከአሬራው ጋር ዋጠው። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ተክሉ እዚያው ቆሞ ጽሑፉን አጠፋ። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ቤት ከገባን በኋላ ግን ተቀምጦ ሌላ ጽሑፍ አወጣ፤ የተረፈውን ሣር አጭደን እንካሳቸው፣ እሁድ ደቦ ነው የሚል። ማንንም ሳያማክር ጻፈ ብዬ ላማው ነበር፤ ግን እኔን አማክሮኛል፣ እኔም ጎሽ ብዬዋለሁ።

እሁድ አርባ ስድስት ሰው መጣ። ማጭድ የያዙት ዘጠኝ ናቸው፤ የቀሩት የወጥ ቤት ቢላዋ፣ አንዷም የልብስ መቀስ። የኦቦ ነገሳ ባለቤት አዴ ዲንቄ ደጃቸው ላይ ቆመው ይህን ሁሉ ሰው ሲያዩ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ደቦ የሚጠራው የሥራው ባለቤት ነው፤ የጠራ ሰው ደግሞ ያበላል፣ ያጠጣል። ጎረቤቱ በየደጃፉ ወጥቶ የሚያየው የነገሳ ቤት አርባ ስድስት ሰው ጠርቶ አንዲት ድስት እንኳ እንዳልጣደ ነው። በዚያ ላይ ሣሩ ገና አልደረሰም። የማጨጃ ቀን አለው ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አንድ ሰው አልነበረም።

«ደቦውን ማነው የጠራው?» አሉ ኦቦ ነገሳ።

«እኔ ነኝ» አለ ተክሉ።

«ሣሩ የማነው?»

«የርስዎ።»

«እህ» አሉ።

አዴ ዲንቄ በየጎረቤቱ ሮጠው ቂጣና አሬራ ሰበሰቡ። አንዲት እፍኝ ሣር ሳናጭድ አርባ ስድስታችን አቀርቅረን በላን። ኦቦ ነገሳ አስፋልቱ ድረስ ሸኙንና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በጨዋ ደንብ፣ «ከእንግዲህ እዚህ አትምጡ» አሉን።

ተክሉ ሁለት ወር ከቤት ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ቤት ሆነ። ጫማው ንጹሕ ነበር። ንጹሕ ጫማ ስመኝ የኖርኩ ሴት፣ በር ላይ ተደርድሮ ሳየው ጭቃው ይናፍቀኝ ጀመር። በገና ማግስት ጎትቼ ወደ ገፈርሳ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከውሻ፣ ከጭቃና ከሻይ ቀጥሎ አራተኛ ነገር ገባ፦ ባለቤት። መሬቱ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደማይረገጥ፣ ማንን ማስፈቀድ እንደሚያስፈልግ። ተክሉ በየደጁ እየቆመ «አካም ጅርቱ» ይላል። ሰላም የተባለ ሰው ደግሞ በዋዛ አይለቅም፤ ግቡ ይላል፣ ተቀመጡ ይላል፣ የልጁን የሠርግ አልበም ያወጣል። የሁለት ሰዓቱ መንገድ ስድስት ሰዓት ይፈጅ ጀመር። የአንድ ሱሉልታ ሙሽራ ሚዜዎች ስም በቃሌ ነው የማውቀው። አርባ ሺሁም ሰው ተበትኖ ሦስት መቶ የምንሆን ቀረን።

ተክሉ በየበዓሉ ለኦቦ ነገሳ ይደውላል። «እሺ፣ እናንተንም» ብለው ይዘጋሉ። አብዱልከሪምን ግን አልከለከሉትም፤ ካፖርታቸውን ሊያስተካክልላቸው ሄዶ ቤተኛ ሆኗል። ግንቦት ላይ ወሬውን ያመጣልን እሱ ነው። ድርቆሹ ቀድሞ አልቆ ኦቦ ነገሳ ዳለቻዋን ላም ሸጠዋል። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቀዩን ሹራብ ያን ቀን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

ዘንድሮ ብሎጉ ዓመት ሲሞላው ተክሉ የአንድ ዓመት ማስታወሻ ልጽፍ ነው ብሎ ተቀመጠ። ሁለት ወር ሙሉ ሲቀመጥና ሲነሳ አየሁት። ኅዳር ውስጥ አንድ እሁድ ረፋድ ላይ ከኋላው ቆሜ አነበብኩ። «በዚህ ዓመት ሠላሳ አራት መንገድ ሄድኩ፤ አንዲት ላም አሸጥኩ» ይላል። ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር የለውም።

«ልዝጋው መሰለኝ» አለኝ።

ሠላሳ አራቱን መንገድ ወድጃቸዋለሁ፤ ላሟንም አልረሳኋትም። ትከሻውን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። የደዋዩን ስም ሲያይ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው፤ ብቻውን መስማት ፈርቶ ነው።

«ተክሉ፣ ነገሳ ነኝ። አካም ጅርታ?»

ተክሉ ከወንበሩ ተነሳ። ሰውዬው ሱሉልታ ሆነው ቡራዩ ቤቱ ውስጥ ተነሳላቸው።

«ደኅና ነኝ፣ ኦቦ። እርስዎስ?»

«ሣሩ ደርሷል። ለቅዳሜ ደቦ ጠርቻለሁ።»

«እሺ፣ ኦቦ። ስንት ሰው ይዤ ልምጣ?»

«ሰው አምጣ መቼ አልኩ? አንተን ነው የጠራሁት። ዲንቄ የምትጋግረው ለአሥራ አምስት ሰው ነው፤ እናንተን ቆጥራለች። ያቺ ሣሬ ላይ የተኛችውም ትምጣ። ዘንድሮ ጎንበስ ብላ ታጭዳለች።»

ስልኩ ተዘጋ። ተክሉ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ ዓይኑን ጠራረገ። ስለ ላሟ የጻፈውን አላጠፋም። ከሥሩ ጨመረበት። ውሻ፦ አንድ፣ የታሰረ። ጭቃ፦ የለም። ሻይ፦ አሬራ አለ። ባለቤት፦ ኦቦ ነገሳ፤ ጠርተውናል።

እኔም ቀዩን ሹራብ ከሻንጣው አውጥቼ ለበስኩና ማጭድ ልገዛ ወጣሁ።