ስኳር አያስልም

ትናንት ጠዋት አዲስ አበባ፣ የሐኪም አልጋ ጠርዝ ላይ ከወገቤ በላይ ራቁቴን ተቀምጬ... ምንም አልተሰማኝም። ብርድም፣ ሀፍረትም፣ ፍርሃትም። ይሄን ቀን ስፈራ ስለከረምኩ ነው መሰለኝ ፍርሃቴ ራሱ ደክሞት ሐዋሳ ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ካናዳ ነው። ከተጋባን ወር ሳይሞላ ሄደ፣ ይኸው ሦስተኛ ዓመታችን። የቪዛዬ ፕሮሰስ ሲጎተት ሲጎተት ቆይቶ በመጨረሻ ለሜዲካል፣ ለጤና ምርመራው፣ ተጠራሁ። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ሲለኝ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር... ሳንባዬን።

አባቴ የሞተው በሳንባ ነቀርሳ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ጎማ ይጠግን ነበር። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፣ ሲታመም ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምንተኛው። የደረት ራጅ ፎቶው ላይ የሆነች ነጥብ ከታየች አለቀ፣ ባሌን በስልክ እያየሁ ላረጅ ነው።

ጎረቤቱ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ «ወተት ጠጪ፣ ሳንባ ያጥባል» ትለኛለች። ሌላዋ «በዚህ ሰሞን እንዳታስይ» ትለኛለች፣ በእጄ ያለ ነገር ይመስል። ጓደኛዬ «አስቀድመሽ እዚሁ ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ጋር ያለው ክሊኒክ ፎቶ ተነሺና እርፍ በይ» ብትለኝም አልደፈርኩም። የእናቴ ምክር ግን የሁሉንም አስናቀ።

«አባትሽ በምን ሞተ ካሉሽ፣ በስኳር በይ።»

«እማዬ! አንቺ እኮ የጸሎት ቡድን መሪ ነሽ...»

«ለጌታ እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ ብቻ በስኳር በይ!»

አብራኝ መጣች። አውቶቡሱ ሻሸመኔን እስኪያልፍ ድረስ አስጠናችኝ።

ዶክተሯ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ፎቶውን ተነስቼ ነው እሳቸው ጋር የገባሁት። ቀዶ ጥገና? የለም። አስም? የለም።

«ከቤተሰብ የሳንባ ነቀርሳ የታመመ አለ?»

«የለም።»

«ወላጆችሽ አሉ?»

«እናቴ አለች። አባቴ... በስኳር ሞቷል።»

እንዴት እንደቀለለኝ! ሬድዮ ላይ የማላውቀው ሰው ሲያወራ የምሰማ ነው የመሰለኝ።

ጀርባዬን አዳመጡ። ዞረው ደረቴን ሊያዳምጡ ሲሉ ቆም አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ደረቴ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ክብ ጠባሳ አለኝ። ከለመድኩት ብዛት እንዳለ ራሱ ረስቼዋለሁ።

«ልጅ ሆኜ ተተኩሼ ነው።»

«ምን ሆነሽ?»

«ሳል ይዞኝ።»

«ማን ነው ወስዶ ያስተኮሰሽ?»

«አባቴ።»

ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወጡ። «እሱንም ያስለው ነበር?»

እናቴ ይሄን አላስጠናችኝም። «አዎ» አልኩ።

«ስኳር አያስልም፣ ልጄ።»

አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። የሚገርመው ያኔም ምንም አልተሰማኝም። አፌ ብቻ ራሱን ችሎ ማውራት ጀመረ።

የያዘኝ ጉንፋን ነበር። አባቴ ግን ሲያስለኝ ሲሰማ የሱ በሽታ የተጋባብኝ መሰለው። እናቴ ሳታውቅ፣ የቤተክርስቲያን ሰው ሳይሰማ፣ ሳይክል ላይ ጭኖኝ ከከተማ ወጣ ብሎ በጋለ ብረት የሚተኩሱ ሽማግሌ ዘንድ ወሰደኝ። እጄን የያዘኝ እሱ ነው። ከኔ ይልቅ ያለቀሰውም እሱ ነው።

ጉንፋኑ ሲለቀኝ ዳነች ተባለ። አባቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አጠገቤ ደርሶ አያውቅም። ኩባያውን ለየ፣ መኝታውን ጓሮ ያለችው ክፍል አደረገ። ከሥራ ሲመጣ በር ላይ ይቆምና «በላሽ?» ይለኛል። «በላሁ» እለዋለሁ። እስኪሞት ድረስ እንደዚያው... በር ላይ።

ስጨርስ ዶክተሯ ፎቶዬን ስክሪኑ ላይ መልሰው አዩት።

«መጀመሪያውኑ ብትነግሪኝ ምንም አልነበረም እኮ። የምንጠይቀው በደንብ እንድናይ ነው እንጂ ሰው ለማስቀረት አይደለም። አሁን ያልሽኝን አስተካክዬ እጽፈዋለሁ። ሳንባሽ ንጹህ ነው። ልበሺ፣ ይበርድሻል።»

ደስታው እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። የሸሚዜን ቁልፍ አዛንፌ ቆልፌ ወጣሁ።

ከሰዓት ወደ ሐዋሳ ስንመለስ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ስለ አባትሽ ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«በስኳር አልሽ?»

«አልኩ።»

«ተባረኪ።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቆይታ ደግሞ «ሻይ ላይ አራት ማንኪያ ነበር የሚጨምረው» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር።

ባሌ ደወለ። እሱ በስልክ ሲጮህ፣ ሲዘምር፣ እኔ «እሺ... እሺ...» ብቻ።

«ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ደክሞኝ ነው» አልኩት።

አመሻሽ ላይ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው ቤታችን ስንደርስ እናቴ ቀድማኝ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። እዚያ ቆሜ አላውቅም ነበር። ከዚያ ሆኖ ለካ ሁሉም ነገር ይታያል፤ ጠረጴዛው፣ እናቴ የምትቀመጥበት ወንበር፣ እኔ የምተኛባት ጥግ። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

አባዬ... ሳንባዬ ንጹህ ነው ብለውኛል። አሁን ግባ።