ያልተቆረጠው ዘፈን

ሬዲዮ ጠጋኙን ሰፈርተኛው ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። የተበላሸ ሬዲዮ ሲያመጡለት ቶሎ አይፈታውም። መጀመሪያ ይከፍተውና አንገቱን ዘንበል፣ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ያዳምጠዋል፤ ልክ ሐኪም የታማሚ ደረት እንደሚያዳምጥ።

«ምን ሆነብኝ፣ ጆሮ?» ይላል ባለ ሬዲዮው።

«ጉንፋን ነው። አፍንጫው ተደፍኗል።»

«ይድናል?»

«ካንተ በፊትማ አይሞትም።»

እንዲህ እየቀለደ ነበር የሚኖረው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ በፊተኛው የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ በኋለኛው ደግሞ አልጋዎቹና የልጃቸው ጠረጴዛ። ልጅ ብለው ያገኙት እሷኑ ብቻ ነው። እሷም ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ደካማ ነበር። እንደ እኩዮቿ መሮጥ፣ ገመድ መዝለል የለም። ደረጃ ከወጣች ከንፈሯ ይጠቁራል።

ሱቁ ውስጥ ባለቤቱ ሳይመለስበት የቀረ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ጠግኖ አመጣላት። በውስጡ አንድ ጨዋታ ተገኘ፦ ፋኖስ በአፏ የያዘች ቀበሮ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ የምትዘልበት። በእግሯ ያልዘለለችውን ልጅቱ በጣቷ ዘለለችው። ዘፈንም ነበረው፤ ዞሮ ዞሮ ከመጀመሪያው የሚነሣ፣ ደስ የሚል ዘፈን።

የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ግን ድምፅ የሚያወጣው በሦስት ጉሮሮ ብቻ ነው። ሦስቱም ዘፈኑን ይዘው ሲሄዱ ቀበሮዋ ከዘለለች፣ ለዝላይዋ ድምፅ የሚሆን ትርፍ ጉሮሮ ስለሌለው ከሦስቱ አንዱን ይነጥቃል። ያኔ ዘፈኑ ቆረጥ ይላል፤ ቀበሮዋ ስታርፍ ደግሞ ይሞላል።

«አባዬ፣ ስዘል ዘፈኑን ለምን ይቆርጥብኛል?»

«ደሃ ስለሆነ ነው፣ የኔ ዓለም። አንዱን ጉሮሮ ላንቺ ሲያውስ ለራሱ ይጎድልበታል።»

«አንተ ሁሉን ትጠግን የለ? አራተኛ ሥራለታ!»

«እሠራለታለሁ።»

«ሙቺ በለኝ!»

«ሙቺ!» አላት እየሳቀ።

ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚምለው፤ ከአፉ ሲወጣ ልብም አላለው። ዓመቱ ሳይዞር፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ እሱ ሱቅ ሳለ ልጅቱ ሞተች። ከዚያ በኋላ ያቺ ቃል ጆሮው ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። ሬዲዮ የሚያመጡለት ሰዎች «ይድናል?» ሲሉት «እናያለን» ብቻ ይላቸው ጀመር።

በቤቱም ጨዋታ ጠፋ። ሚስቱ ከስፌቷ ቀና አትልም። ምግብ ታቀርባለች፣ ሳህን ታነሣለች፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ከአፏ አይወጣም። እሱም አይጠይቃትም፤ ቁስል መነካካት መሰለው። አንዲት ነገር ግን ሐሳቡን ያዘችው። «ለልጄ የማልኩላትን ከፈጸምኩ፣ ዘፈኑን ሙሉ አድርጌ እናቷን ካሰማኋት፣ ምናልባት ቀና ብላ ታየኝ ይሆናል» አለ።

ልብስ አልብሰው ያስቀመጡትን አሮጌ ኮምፒውተር ሲከፍተው አንጀቱን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። እሱም እንደ ትንሿ ባለቤቱ አልቆየም። ደግነቱ አዲስ ኮምፒውተርን እንደ አሮጌው የሚያስመስል ፕሮግራም አለ፤ ሬዲዮ ጠጋኙ በኢንተርኔት ከማያውቃቸው ሰዎች እየጠየቀ ከነጨዋታው አዲስ በገዛው ኮምፒውተር ላይ ጫነው፤ ቀበሮዋም ፋኖሷን እንደያዘች ብቅ አለች። ድምፁን ሲሰማው ግን እንደ ቆርቆሮ የሚንጫጫ ሆነበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱቅ ሲመለስ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ይቀመጣል። ጩኸቱን አለዘበ። የላይኛውን ጉሮሮ በእውነተኛ ዋሽንት ድምፅ፣ የመካከለኛውን በቫዮሊን፣ የታችኛውን በወፍራም ክራር ተካ። በመጨረሻም የዝላዩን ድምፅ ለብቻው መንገድ አበጀለት። አራተኛ ጉሮሮ።

ሚስቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከበስተጀርባው ስትወጣ ስትገባ ምን እንደሚያዳምጥ አልጠየቀችውም፤ እሱም ምን እንደምታስብ አልጠየቃትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እሁድ ከሰዓት ጠራት።

«ነይማ፣ አንድ ነገር ላሰማሽ።»

ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች። ማዳመጫውን ነቅሎ ድምፁን በትልቁ የእንጨት ስፒከር ለቀቀው። ዋሽንቱ ከላይ፣ ክራሩ ከታች፣ ክፍሉ ሞላ። ሬዲዮ ጠጋኙ ቁልፉን ተጫነ፤ ቀበሮዋ ዘለለች፤ ደግሞ ዘለለች።

«አየሽ?» አላት፣ ፊቱ በርቶ። «ትዝለል አትዝለል፣ ዘፈኑ አይቆረጥም!»

የሴትየዋ ፊት አመድ መሰለ።

«ዝጋው።»

«ምነው? አላማረም?»

«ዝጋው አልኩህ!»

ወደ ፊተኛው ክፍል ሄዳ ከልጅቱ ሞት ወዲህ ተዘግቶ የማያውቀውን በር ዘጋችው።

ቅስሙ ተሰበረ። ይህን ያህል ለፍቶ! ተናድዶ ተነሣ፣ በሩን ከፈተ። ሚስቱ መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ግን አትሰፋም።

«ምን አጠፋሁ? ለልጄ የገባሁትን ቃል ነው የፈጸምኩት!»

«ምንም አላጠፋህ። አንተ አልነበርክም እኮ» አለች፣ ወደ መስኮቱ እያየች። «እኔ እዚህ ሆኜ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ እሰፋለሁ። ዘፈኑ ቆረጥ ሲል ዘለለች እላለሁ። ቆረጥ ሲል ደህና ናት እላለሁ። ዐይኔን ከጨርቁ ሳላነሣ የምጠብቃት በዚያ ነበር።»

«እ?»

«የዚያን ቀን አልቆረጥ አለ። ከዳር እስከ ዳር ወረደ፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ተነሣ። እኔ ሞኟ፣ ዛሬስ እንዴት አማረ አልኩ። ዝም ብዬ አዳመጥኩት። አንዱን እጅጌ ጨርሼ ሁለተኛውን ጀመርኩ...»

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ በጣቷ ጠመጠመችው። ሬዲዮ ጠጋኙ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። በዚያ ሁሉ ድካም ምን ሠርቶ እንዳመጣላት ገና አሁን ገባው። ልጅቱ የሞተችበትን ያንኑ ከሰዓት ነበር ያሰማት፤ ያውም አሳምሮ።

ተመልሶ ተቀመጠና የሠራውን በሙሉ አፈረሰው። ዋሽንቱን አነሣ፣ ክራሩን አነሣ፣ አራተኛውን ጉሮሮ ነቀለ። «ሙቺ» ብሎ የማለላትን በገዛ እጁ ሲያፈርስ እንባው ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠባል። ዘፈኑ ወደ ድህነቱ ተመለሰ። ግን የሚዘል ከሌለ የሚቆርጠው ማን ነው? እሱ ተጫውቶ አያውቅም። ወፍራም ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ።

ቆረጥ። ቀበሮዋ ከጣሪያው ወደቀች። ቆረጥ። አሁንም ወደቀች።

ደጋግሞ ዘለለ። ኋላ ከወዲያኛው ክፍል፣

«እሷ እንደሱ አትዘልም ነበር» የሚል ተሰማ።

«እንዴት ነበር?»

«ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ቆይታ አንዴ።»

ሞከረ።

«ቸኮልክ።»

ደገመ።

«አሁን ደግሞ አንቀላፋህ።»

«እንግዲያ አንቺ ነይና ዝለያ!»

«እኔ ሥራ አለኝ» አለች፤ የስፌት መኪናውም መዞር ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ከሱቅ ሲመለስ ይቀመጣል። የልጅቱን አዘላለል አልቻለበትም፤ ከሦስተኛው ጣሪያም አልፎ አያውቅም። ሚስቱም ማረሙን ትታለች። የሚዘለው ማን እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

አንድ ቀን ቀበሮዋ እንደወትሮዋ ከወደቀች በኋላ እጁን ከቁልፉ አነሣ። ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ዘፈኑ ሳይቆረጥ ሄደ፤ እስከ መጨረሻው ወርዶ ከመጀመሪያው ተነሣ።

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

«አንተ?» አለች ከወዲያ።

በአንድ እጁ ፊቱን እንደሸፈነ በዳበሳ ቁልፉን ፈልጎ ተጫነ። ዘፈኑ ቆረጥ አለ።

የስፌት መኪናው መዞሩን ቀጠለ።